ነጣ ላለ ግድግዳ ምን ዓይነት መጋረጃ ይስማማል?



የዚህ ጽሑፍ አርእስት ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ጉዳይ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። «ከትምህርቱ፣ ከኑሮ ውድነቱና ከመብራት መጥፋቱ ተርፈን ነው ወይ ስለ መጋረጃ የምናወራው?» የሚልም አይጠፋም። እኔም ከአንድ ዓመት በፊት እንዲሁ ባልኩ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በምኖርበት ክፍል ውስጥ የደረሰ ነገር ስለ ሆነ በመጀመሪያ እሱን ላስረዳ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ ተዋሂ አራት ሆነን የተከራየናት ክፍል፣ እንደ ብዙዎቻችሁ ክፍል፣ ግድግዳዋ ክሬም ቀለም የተቀባ ነው። አከራያችን ግድግዳ መቀባት አይፈቅዱም፤ አልጋውና ጠረጴዛውም የራሳቸው ነው። ስለዚህ እኛ መርጠን ልንለውጠው የምንችለው ነገር መጋረጃው ብቻ ነበር። ገንዘብ አዋጣንና ደማቅ ብርቱካንማ የሆነ ስስ ጨርቅ ገዝተን ሰቀልን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ክፍሉ በሙሉ ደመራ የተለኮሰበት ይመስል ነበር። ሁላችንም ወደድነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአራታችን አንዱ ምግብ አስጠላው፣ ደከመው፣ ያቅለሸልሸውም ጀመር። ፈተና ስለ ቀረበ የድካም ነው ብለን አለፍነው። ከመካከላችን ሁለታችን የሕክምና ተማሪዎች ስንሆን፣ በየቀኑ ፊት ለፊቱ ተቀምጠን እየበላን ምንም አላየንም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ለመቅዳት አብረን ወደ ግቢ ስንወጣ፣ በቀን ብርሃን የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ሆኖ አየሁት። አገር ቤት የወፍ በሽታ የምንለው ነበር፤ ጉበቱ ታሞ ነበር።

ጓደኛችን ዛሬ ድኗል። ቀደም ብለን ብናይ ኖሮ ሁሉን ነገር እንለውጥ ነበር አልልም፤ እንዲህ ያለው የጉበት በሽታ ቢጫነቱ ከመታየቱ በፊትም ይተላለፋል። ነገር ግን ያን ሁሉ ቀን ከእሱ ጋር ከአንድ ኩባያ ባልጠጣን፣ እሱንም «ሰነፍክ» እያልን ባልቀለድንበት ነበር። ወደ ክፍል ተመልሰን ዓይኑን እንደገና ስናየው ቢጫነቱ እንደገና ጠፋ። መጋረጃውን ገልጠን ስናየው ግን ወዲያው ታየ። ጥፋተኛው ምን እንደ ሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው።

መጋረጃ ብርሃንን ያጣራል

ነጭ የምንለው የፀሐይ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድምር ነው። ይህ ብርሃን ብርቱካንማ በሆነ ስስ ጨርቅ ውስጥ ሲያልፍ ጨርቁ ሰማያዊውን ክፍል ይይዝና ቀዩንና ቢጫውን ያሳልፋል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ግድግዳውም፣ አንሶላውም፣ የሰው ፊትም፣ በዚሁ ብርሃን ይታጠባል።

የሚያስገርመው ግን ነዋሪው ይህን አለማወቁ ነው። በዓይናችን የኋላ ሽፋን ላይ ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። አንድ ዓይነት ብርሃን ሲበዛባቸው ለዚያ ብርሃን ያላቸውን ንቃት ይቀንሳሉ። በዚህም ምክንያት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጫ ብርሃን የለበሰው አንሶላ ነጭ ሆኖ ይታየናል። ይህ በጠቅላላው መልካም ነገር ነው፤ ሎሚ በጠዋትም በማታም ሎሚ መስሎ የሚታየን በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ሁሉ ነገር ቢጫ በሆነበት ክፍል ውስጥ የበሽተኛ ዓይን ብቻውን ተለይቶ ቢጫ ሊሆን አይችልም። መምህራኖቻችን «የዓይን ቢጫነትና የቆዳ መገርጣት በቀን ብርሃን ይመርመር» የሚሉን ያለ ነገር አይደለም።

«ምንም ቀለም የለውም» የሚባለው ግድግዳ

ነጭ፣ ክሬም፣ ግራጫና የአሸዋ መልክ ያላቸው ግድግዳዎች ከማንኛውም ቀለም ጋር ይስማማሉ ይባላል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው።

እንግሊዞች ኤደንን በያዙበት በ1839፣ ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ቀለማት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ስለሚሆነው ነገር አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሼቭረል በፓሪስ በጎብለን የሥዕል ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ነበር። የጥቁሩ ክር ቀለም ደካማ ነው የሚል አቤቱታ ቀረበለትና መረመረ፤ ማቅለሚያው ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ጥቁሩን ያደበዘዙት አጠገቡ የተሸመኑት ሰማያዊና ሐምራዊ ክሮች ነበሩ። ከዚህ የተገኘው ሕግ፣ አንድ ቀለም አጠገቡ ያለውን ወደ ራሱ ተቃራኒ ይገፋዋል የሚል ነው። የቀይ ተቃራኒ አረንጓዴ ነው፤ የሰማያዊ ተቃራኒ ብርቱካንና ቢጫ ነው።

ይህን ያላመነ አንባቢ ቀይ ጨርቅ ለግማሽ ደቂቃ ትክ ብሎ ይመልከትና ዓይኑን ወደ ነጭ ግድግዳ ይመልስ። አረንጓዴ ጥላ ያያል። በ1914 በሳን ፍራንሲስኮ ሐሪ ሸርማን የተባለ ቀዶ ሐኪም የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ከነጭ ወደ አረንጓዴ የለወጠው በነጩ ነጸብራቅ ተቸግሮ ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው አረንጓዴና ሰማያዊ የቀዶ ሕክምና ልብስም ደም ሲያይ የቆየን ዓይን ያሳርፋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ «ምንም ቀለም የሌለው» ግድግዳ መጋረጃው ሲሰቀል ቀለም እንደሚያገኝ ነው። ክሬም ግድግዳ አጠገብ ደማቅ ሰማያዊ ቢሰቀል ክሬሙ የባሰ ቢጫ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ «ግድግዳው ቆሸሸ» የምንለው ይህን ነው። ግራጫ ግድግዳ አጠገብ ደማቅ ቀይ ቢሆን ግራጫው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ከዚህም ሌላ ነጭ ግድግዳ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ ሰማንያ ያህሉን ስለሚመልስ፣ ፀሐይ የመታው መጋረጃ የራሱን ቀለም በግድግዳው ላይ ይረጫል።

የተዋሂ ፀሐይ

ኤደን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከጎንደር ጋር በአንድ መስመር ላይ ናት ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የፀሐይዋ መንገድ ጎንደሬ የሚያውቀው ያው መንገድ ነው፤ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ ወር በእኩለ ቀን ልክ በአናታችን ላይ ትሆናለች። ልዩነቱ ጎንደር ከባሕር በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ ተዋሂ በባሕር ጠርዝ ላይ መሆኗ ነው። በአገራችን ክረምት በሚሆንበት ወቅት እዚህ ሙቀቱ እስከ 37 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከበስተኋላችን ያለው የሻምሳን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ይመልስልናል።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአናት ላይ ስለምትሆን በመስኮት ብዙም አትገባም። የሚያስቸግሩን የጠዋቱ የምሥራቅ መስኮትና ከሁሉም በላይ የከሰዓቱ የምዕራብ መስኮት ናቸው። ወደ ወደቡ የሚመለከቱ ክፍሎች ደግሞ ከውሃው ላይ የሚመለሰው ነጸብራቅ ይጨመርባቸዋል። ጥቁርና ጠቆር ያለ መጋረጃ ያን ብርሃን ውጦ ይሞቅና ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይተፋል፤ ነጣ ያለው ግን ብዙውን ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ከ2015ቱ ጦርነት ወዲህ የመብራት መጥፋት የተለመደ ስለ ሆነ ማራገቢያ ላይ መተማመን አይቻልም። መጋረጃው ነፋስ የሚያሳልፍና በቀላሉ ተሰብስቦ የሚከፈት መሆን አለበት።

አመራረጥ

1ኛ/ የግድግዳውን እውነተኛ መልክ ዕወቁ። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ በጠዋት ብርሃን ተመልከቱ። ነጭ የመሰላችሁ ግድግዳ ወደ ቢጫ፣ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መሆኑ ወዲያው ይገለጣል።

2ኛ/ በዚያው ወገን ምረጡ። ወደ ቢጫ ለሚያደላ ክሬም፣ ያልነጣ አቡጀዲ፣ የስንዴ መልክ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ደብዘዝ ያለ የወይራ ቅጠል ቀለም ይስማማዋል። ወደ ሰማያዊ ለሚያደላ ግራጫ፣ ንጹሕ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ውሃ ሰማያዊ ይሻላል። ንጹሕ ነጭ ኖራ ሁሉንም ይቀበላል፤ ግን ጨርቁ ራሱ ከኖራው የባሰ ነጭ ወይም በግልጽ የጠቆረ ይሁን። በትንሹ ብቻ የሚለይ ነጭ አጠገቡ ሲሰቀል ሳይታጠብ የከረመ ይመስላል።

3ኛ/ ናሙና ሳትይዙ አትግዙ። በሱቅ መብራት አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ጨርቆች በፀሐይ ሲታዩ ሊለያዩ ይችላሉ። ክሬተር ገበያ ስትሄዱ ስንዝር የምታህል ቁራጭ ለምናችሁ አምጡና በጠዋት፣ በቀትር፣ በመሸም ጊዜ ተመልከቷት። ሲመሽ ዓይናችን ቀዩን አጨልሞ ሰማያዊውን አጉልቶ ስለሚያይ፣ በቀትር ደስ ያለን ቀይ ዳማ ማታ ጥቁር ሆኖ ይገኛል።

4ኛ/ ደማቅ ቀለም ለጠርዝ ይሁን። ይህን ከሼቭረል በፊት ሸማኔዎቻችን ያውቁታል። ነጠላው ነጭ ነው፤ ቀለሙ ያለው በጥለቱ ላይ ነው። ዓይን በነጩ ላይ ያርፋል፣ በጥለቱ ይደሰታል። ለመጋረጃም የአንድ ስንዝር ጥለት ከበቂ በላይ ነው። ፀሐይ ቀለሙን ቢያነጣው እንኳ ጥለቱን ብቻ ፈትቶ መለወጥ ይቻላል።

5ኛ/ የሌሊት ተረኞችን አትርሱ። በዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ለሰውነታችን ቀንና ሌሊቱን የሚነግሩ ሌሎች ሕዋሳት እንዳሉ ከ2002 ወዲህ በሚገባ ታውቋል፤ በተለይ ሰማያዊ ብርሃን ይቀሰቅሳቸዋል። ሌሊት ሆስፒታል አድሮ ቀን የሚተኛ ሰው ስስ መጋረጃ አይበቃውም። ነጣ ካለው መጋረጃ ጀርባ፣ በሚተኛበት ሰዓት ብቻ የሚዘጋ ወፍራም ገበር ለብቻው ይሰቀል። የገበሩ ወደ መስኮቱ የሚዞረው ፊት ነጣ ያለ ይሁን።

ልኬት

ስፋቱ ከመስኮቱ ሁለት እጥፍ ካልሆነ መጋረጃው ሽንሽን አይኖረውም፤ አንሶላ የተሰቀለ ይመስላል። ለምሳሌ ያህል የመስኮቱ ስፋት 120 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 240 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል። የጨርቁ ወርድ 140 ከሆነ ሁለት ቁራጭ ይበቃል። ከዘንጉ እስከ ታች 220 ቢሆንና ለላይና ለታች እጥፋት 20 ቢጨመር፣ ሁለት ጊዜ 240፣ በድምሩ 4 ሜትር ከ80 መሆኑ ነው። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚያጥር አስቀድሞ ነክሮ ማድረቅ ነው፤ ቀለም የሚለቅ መሆን አለመሆኑም በዚያው ይታወቃል። የባሕሩ ጨውና እርጥበት ሻጋታ ስለሚያመጣ፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ የማይታጠብ ጨርቅ ለተዋሂ አይሆንም።

በመጨረሻ

ብርቱካንማውን መጋረጃ አውርደን ለጠረጴዛ ልብስ አደረግነው፤ በዚያ ቦታው በእርግጥም ያምራል። በምትኩ ያልነጣ አቡጀዲ ከጥለት ጋር አሰፋን። የጥለቱን ቀለም የመረጠው ታሞ የነበረው ጓደኛችን ሲሆን፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው። አሁን በክፍላችን ውስጥ ሰው ሲገረጣም ሲቀላም ይታወቃል።

ማኅበራችንም ለጋራ ክፍሉ መጋረጃ ሊያሰፋ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በዚያ ክፍል እናነባለን፣ እንግዳ እንቀበላለን፣ የታመመም ሲኖር እዚያው እናስተኛለን። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ «እኔ ቀይ እወዳለሁ» «እኔ ሰማያዊ» ከመባባል ይልቅ፣ እያንዳንዱ አንድ ስንዝር ናሙና ይዞ ይምጣና በመስኮቱ ላይ አድርገን በጋራ እንመልከት። ስብሰባውም በቀን ብርሃን ቢሆን እመርጣለሁ።