ክንፉ ላይ የሚረጨው ብርቱካንማ ውኃ

የዛሬው ርእሳችን እዚህ ካኩማ ሙቀትና አቧራ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ስለ በረዶ ነው። ነገር ግን ከመካከላችን ኬዙ አልቆ ወደ ብርድ አገር የሚበር ሁሉ አንድ ቀን ሊያጋጥመው ስለሚችል፣ ቀድሞ ማወቁ አይከፋም ብለን አነሣነው።

ነገሩን ያስታወሰችን አንዲት እናት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ልጆቿን ይዛ ከዚህ ወጣች። ወሩ ጥር ነበር። አውሮፓ ላይ ሌላ አውሮፕላን ተሳፍረው ለመነሣት ሲጠብቁ፣ ረጅም ክንድ ያለው መኪና መጥቶ ክንፉ ላይ ብርቱካንማ ውኃ ይረጭ ጀመር። ወዲያው ጭስ የመሰለ ነገር ተነሣ። ውስጡም ታፈነ። እሷ አውሮፕላኑ የተቃጠለ መስሏት ልጆቿን እቅፍ አድርጋ ጸሎት ጀመረች። አጠገቧ የነበሩት ሰዎች ግን ጋዜጣቸውን ያነባሉ። ቋንቋ ስለማትችል ማንንም አልጠየቀችም። አሁን በስልክ ስትነግረን እየሳቀች ነው፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

ለመሆኑ የሚረጨው ምንድን ነው? ለምንስ ይረጫል?

አውሮፕላንን አየር ላይ የሚይዘው ክንፉ ነው። ክንፉ ሥራውን የሚሠራው ደግሞ አየሩ በላዩ ላይ ለስለስ ብሎ ሲያልፍ ነው። ብዙዎቻችን በረዶ የሚጎዳው በክብደቱ ይመስለናል። ዋናው ጉዳት ግን ሻካራነቱ ነው። አናጺዎቻችን እንጨት የሚያለሰልሱበትን የብርጭቆ ወረቀት ታውቃላችሁ። ክንፍ ላይ እሱን ያህል ስስና ሻካራ በረዶ ከተቀመጠ፣ የክንፉ የማንሣት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ አየሩ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል ደግሞ እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ደጋ ያደገ ሰው ጠዋት ገብሱ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ የሚያገኘውን ውርጭ ያስታውሳል። ትልቁን አውሮፕላን የምትጥለው እንዲያች ያለችው ስስ ነገር ልትሆን ትችላለች ማለት ነው።

የሚረጨው ፈሳሽ ግላይኮል ከሚባል ኬሚካልና ከውኃ የተቀላቀለ ነው። ውኃ ብቻውን ሲሆን በ0 ዲግሪ በረዶ ይሆናል። ግላይኮል ሲገባበት ግን ከዜሮ ብዙ ዲግሪ ወርዶም አይረጋም። ሾፌር የነበራችሁ ወንድሞች ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረውን አንቲፍሪዝ ታስታውሱ ይሆናል፤ የአንድ ቤተሰብ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ሁለት ዓይነት ነው። ብርቱካንማው ቀጭን ነው፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ሞቆ በኃይል ይረጭና ያለውን በረዶ አቅልጦ ያወርዳል። ያች እናት ጭስ ያለችው እንግዲህ እንፋሎት ነው፤ ከሻይ ማንቆርቆሪያ እንደሚወጣው ማለት ነው። ውስጡ የታፈነውም ሽታው እንዳይገባ ተብሎ አየር ማስገቢያው ለጥቂት ደቂቃ ስለሚዘጋ ነው። አረንጓዴው ደግሞ እንደ ተልባ ወፈር ያለ ነው። ክንፉን ከጸዳ በኋላ ይቀባዋል፤ እላዩ ላይ ይቆይና አዲስ የሚወርደውን በረዶ እያሟሟ ይጠብቃል። አውሮፕላኑ ለመነሣት ሲንደረደር ነፋሱ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ከክንፉ አረንጓዴ ነገር ሲንጠባጠብ ብታዩ የአውሮፕላኑ ቀለም ለቀቀ ብላችሁ አትደንግጡ።

ታዲያ ይህ መድኃኒት ጊዜ አለው። በረዶ እየወረደ ከሆነ ብርቱካንማው የሚጠብቀው ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ አረንጓዴው ይረዝማል። አብራሪዎቹ እንደ ብርዱና እንደ በረዶው ዓይነት ጊዜውን የሚያዩበት ሠንጠረዥ አላቸው። ጊዜው ካለፈ ተመልሶ እንደገና መረጨት ሊያስፈልግ ይችላል። መዘግየቱ ያበሳጫል፤ ግን ለደኅንነት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በከንቱ አልመጣም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1982 ዋሽንግተን ላይ የኤር ፍሎሪዳ አውሮፕላን ተረጭቶ ነበር። ነገር ግን በረዶው እየወረደ፣ ተራ ሲጠብቅ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ቆየ። ሲነሣ ከፍ ማለት አቅቶት ድልድይ መትቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ። ከተሳፈሩት 79 ሰዎች 74ቱ፣ ድልድዩ ላይ ደግሞ 4 ሰዎች ሞቱ። ረዳት አብራሪው በመንደርደር ላይ ሳሉ መሣሪያዎቹ ትክክል አይደሉም ብሎ ነበር፤ ዋናው አብራሪ ግን አላቆመም።

ሁለተኛው የደረሰው ካናዳ፣ ድራይደን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1989። የአውሮፕላኑ ረዳት ሞተር ተበላሽቶ ነበር። ዋናዎቹ ሞተሮች ከጠፉ እዚያ መልሶ ማስነሻ መሣሪያ የለም። ሞተር እየሠራ መርጨት ደግሞ በኩባንያው ደንብ ክልክል ነው። እናም ሳይረጭ ተነሣ፤ ወዲያው ጫካ ውስጥ ወደቀ። ከ69 ሰዎች 24ቱ ሞቱ። ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ቨርጂል ሞሻንስኪ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ሪፖርት ተሳፋሪዎች ክንፉ ላይ በረዶ አይተው እንደነበር ገለጹ። የበረራ አስተናጋጇም አይታ ነበር። እንደ ተሳፋሪ የተቀመጡ ሁለት አብራሪዎችም ነበሩ። ለአብራሪው ግን ማንም አልነገረውም። አንዱ ሌላው ያውቃል አለ፤ አንዱ ምን አገባኝ እባላለሁ ብሎ ፈራ።

እኛ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። በስደት ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ፊት ዝም ማለት ልማዳችን ሆኗል። ስደተኛ ምን ያውቃል እንባላለን ብለን እንፈራለን። ድራይደን ላይ ግን አዋቂዎቹም ዝም ብለዋል፤ ዝምታውም ነቅዟል።

እንግዲህ ወደ ብርድ አገር የምትሄዱ ሁሉ ሁለት ነገር ያዙ። ሲረጭ ብታዩ አትፍሩ፤ ለልጆቻችሁም ክንፉ እየታጠበ ነው በሏቸው። ሳይረጭ ሊነሣ ሲል ክንፉ ላይ በረዶ ብታዩ ግን ለአስተናጋጇ ንገሩ። ቋንቋ የለኝም አትበሉ፤ «አይስ፣ ዊንግ» ብሎ በጣት ማመልከት ይበቃል። በረዶ ካልሆነም ምንም አይደለም፤ አይታ ትመለሳለች።

ሌላም አለ። እዚያ ስትደርሱ መኪና ያለው ቤት አንቲፍሪዝ አይጠፋም። አብዛኛው የሚሠራው ኤትሊን ግላይኮል ከሚባለው ዓይነት ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ግን መርዝ ነው። ሕፃናት ከማይደርሱበት አስቀምጡ።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። መንገደኞቻችን በሰላም ይግቡ፤ ለቀረነውም ቸር ያሰማን።