አፈርን የሚመግቡ ዕፅዋት፦ ጥቅማቸውና ጥንቃቄያቸው

ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ ነገር ግን ዕፅዋት በቀጥታ ሊመገቡት አይችሉም። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ግብጦ፣ ብርብራና ግራር ግን በሥሮቻቸው ላይ በሚገኙ ጥቃቅን እብጠቶች ውስጥ ባክቴሪያዎችን ያስጠልላሉ፤ ባክቴሪያዎቹም ናይትሮጅኑን ወደ ምግብነት ይለውጡላቸዋል። በአበባው ወራት አንድ የባቄላ ተክል ነቅለን እብጠቱን ብንሰነጥቅና ውስጡ ቀልቶ ብናገኘው ሥራው መካሄዱን እንረዳለን።

ይህ ሀብት ለአፈሩ የሚተርፈው ሥሩ፣ ቅጠሉና ገለባው በማሳው ላይ ሲበሰብስ ነው። ፍሬው ተሰብስቦ ገለባውም ተጠርጎ ከተወሰደ፣ በተከታዩ ዓመት ለሚዘራው ስንዴ ወይም ገብስ የሚቀረው ጥቂት ነው። በደንም እንዲሁ ብርብራ የሚያራግፈው ቅጠል ለአጠገቡ ዛፎች ምግብ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ናይትሮጅን የሚጨምር ተክል ሁሉ በየቦታው አይጠቅምም። ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ በአፋር ሰፊ የግጦሽ መሬት ወርሮ ሣሩን አጥፍቷል፤ አፈሩን ማዳበሩ አርብቶ አደሩን ከጉዳት አላዳነውም።

ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችንን ለማስፋት ችግኝ ስናዘጋጅ ሁለት ጥያቄዎችን እናንሣ፦ ተክሉ አፈሩን ያዳብራልን? አገር በቀሎቹንስ ሳይውጥ አብሯቸው ይኖራልን? ሁለተኛውን ያላሟላ ተክል በደኑ ዳር ሊተከል አይገባውም። ከነባሩ ደን የተለቀመ የብርብራ ዘር ግን ሁለቱንም ያሟላል፤ በየደብሩ ያሉ የችግኝ ጣቢያዎቻችንም ከዚሁ ቢጀምሩ መልካም ነው እንላለን።