ከአስከሬን የተላቀቀው የልጆች መድኃኒት

«እኩዮቹ ሲመዘዙ የእኔ ልጅ ባለበት ቀረ» የሚል ጭንቀት ለብዙ ወላጅ አዲስ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቤተሰብ ቁመት ወይም የምግብ እጥረት ነው። ጥቂት ልጆች ግን የሚያጥሩት ከአንጎል ሥር ያለችው፣ አተር የምታህለው ፒቱታሪ ዕጢ በቂ የዕድገት ሆርሞን ስለማታመነጭ ነው።

ኢንሱሊን ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወሰድ ነበር። የከብት የዕድገት ሆርሞን ግን ለሰው አይሠራም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሆርሞኑ ከሟቾች ዕጢ እየተጣራ ለልጆች ይወጋ ነበር። በ1985 አሜሪካ ውስጥ በልጅነታቸው ይህን መርፌ የወሰዱ ወጣቶች ክሮይትስፌልት ያኮብ በተባለ፣ አንጎልን በሚያጠፋ ፈውስ የለሽ በሽታ መሞታቸው ታወቀና ሥርጭቱ ቆመ። በሽታው ከአስከሬን ዕጢ ከሆርሞኑ ጋር አብሮ የመጣ ነበር። ለልጃቸው በጎ ያሰቡ ወላጆች ለዓመታት በስጋት ኖሩ።

ደግነቱ ሌላ መንገድ ተጀምሮ ነበር። በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ያለው ዲ ኤን ኤ የቤቱ ሙያ ሁሉ እንደተጻፈበት ትልቅ መዝገብ ነው። ለዛሬ የሚሠራው ወጥ ብቻ በብጣሽ ወረቀት ተገልብጦ ወደ ማድ ቤት ይላካል። ብጣሹ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ይባላል፤ ቶሎም ይበላሻል። በ1970 ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ አር ኤን ኤን ወደ ዲ ኤን ኤ መልሶ የሚጽፍ ኢንዛይም በቫይረሶች ውስጥ አገኙ። በዚህ ኢንዛይም የአንድ አካል ብጣሾች በሙሉ ወደማይበላሽ ቅጂ ተለውጠው በባክቴሪያ ውስጥ ይቀመጣሉ። ስብስቡ «የኮምፕሌመንተሪ ዲ ኤን ኤ ቤተ መጻሕፍት» ይባላል። የዕድገት ሆርሞንን መመሪያ የሚፈልግ ሰው የጉበትን ሳይሆን የፒቱታሪን ስብስብ ይከፍታል። በዋናው መዝገብ መመሪያውን የሚያቋርጡ ጽሑፎች አሉ፤ ባክቴሪያ ለይቶ ሊያወጣቸው አይችልም። በቅጂው ላይ ግን አስቀድመው ወጥተዋል።

በ1979 በካሊፎርኒያ የጄኔንቴክ ተመራማሪዎች ከሰው ፒቱታሪ የተገለበጠ ቅጂን በቤተ ሙከራ ከተሠራ ቁራጭ ጋር ቀጥለው ባክቴሪያ ሆርሞኑን እንዲያመርት አደረጉ። የአስከሬኑ መርፌ በቆመበት በዚያው ዓመት፣ በ1985፣ አዲሱ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ።

የልጅዎን ቁመት በየስድስት ወሩ ይለኩ፤ ዕድገቱ ከቆመ የሕፃናት ሐኪም ያማክሩ። መርፌ ከታዘዘለት ደግሞ «ከምን የተሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።