ባሕር ለሌለው አገር የባሕር ዐውሎ ነፋስ

ባሕር የሌላት አገር ስለ ባሕር ዐውሎ ነፋስ ምን አስጨነቃት የሚሉን ወዳጆች አሉ። እዚህ አብነት ለምንኖረው ጥያቄው ተገቢ ይመስላል፤ በሶማሌ ክልል ሽኒሌ ለሚኖረው ግን አይደለም።

ግንቦት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. በኤደን ባሕረ ሰላጤ ኋላ «ሳጋር» የተባለው ዐውሎ ነፋስ ተነሣ። የሕንድ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት በሳተላይት ፎቶግራፍ የደመናውን እምብርት እየተከተለ፣ የሚያመራበትን አቅጣጫና የነፋሱን ጉልበት በየጥቂቱ ሰዓት ያስታውቅ ነበር። ሳጋር ባሕረ ሰላጤውን ይዞ ወደ ምዕራብ ዘለቀና ግንቦት 11 ቀን በሶማሌላንድ አውዳል፣ ሉግሃያ አጠገብ የብስ ረገጠ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ከተመዘገቡት ሁሉ ያን ያህል ወደ ምዕራብ ርቆ የብስ የነካ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ዐውሎ ነፋስ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ የባሕር ውሃ ስለሆነ የብስ ሲገባ ይደክማል። ዜናውም «ደከመ» ብሎ ይዘጋል፤ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ዝናቡ አልደከመማ! በሶማሌላንድ ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተነገረ፣ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ፤ ጎርፉም ድንበር ተሻግሮ በእኛ ሲቲ ዞን ያሉትን አርብቶ አደሮች ጎዳ።

ከኒው ዴልሂ የወጣው ማስጠንቀቂያ አዲስ አበባ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚያደርሰው ሬዲዮ፣ ከገበያ የሚመለስ ዘመድ ወይም የጎሳ ሽማግሌ ነው። ደረቅ ወንዝ ዳር የሰፈረ ቤተሰብ የነፋሱን ፍጥነት ቢነግሩት አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ሳይመሽ፣ በሶማልኛ፣ «ከወንዙ ራቁ፣ ፍየሎቹን ወደ ኮረብታው አውጡ» መባሉ ነው።