ስለ እጅ ስልክ ባትሪ፥ ስለ መሙያውና ስለ ረዳት መሣሪያዎቹ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ፥ በደጋው አገር፥ ሮብ ገበያ የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟንም ያገኘችው በሮብ ቀን ከሚውለው ገበያ ነው። ገብስና ድንች ጭኖ፥ በግ ነድቶ ወደ ገበያ የሚወጣው ሰው ጉዳዩን ከፈጸመ በኋላ ከሚነጋገርባቸው ነገሮች አንዱ በዛሬው ጊዜ የእጅ ስልክ ነው። ይህኛው ስልክ ሦስት ቀን ይቆያል፥ ያኛው አንድ ቀን እንኳ አያድርም፤ ይህ ቻርጀር ስልክ ያቃጥላል፥ ያ ፓወር ባንክ የተጻፈበትን አይሰጥም፤ ስልክ በዝናብ ጊዜ መብረቅ ይስባል፤ እየተባለ ብዙ ይወራል። ከሚወራውም እውነት የሆነ አለ፥ ከንቱ የሆነም አለ። ነገሩ የቸገረው ሰው ግን በመጨረሻ ሄዶ የሚጠይቀው የቀበሌውን መምህር ወይም ማንበብ የሚያውቀውን ሽማግሌ ነውና፥ ለጠያቂው የሚበቃ መልስ እንዲገኝ ይህን ጽፈናል።

ነገሩን እንደ ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፥ ሽቦ የማያሻው የእጅ ስልክ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አገልግሎቱ ከወሬ መለዋወጫነት አልፏል። በ2006 ዓ.ም. ገበሬ በ8028 ደውሎ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በአማርኛ ምክር የሚሰማበት መንገድ ተከፈተ፤ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ገንዘብ በስልክ የሚላክበትና የሚቀመጥበት ቴሌብር ተጀመረ። የቀይ መስቀል አምቡላንስም የሚጠራው በ907 ነው። እንግዲህ በሌሊት ምጥ የጠናባት ሴት ባለችበት ቤት የስልኩ ባትሪ ባዶ ሆኖ ቢገኝ፥ ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። ሁለተኛም፥ ስልኩ አረጀ ተብሎ በግ ተሸጦ ሌላ ሲገዛ፥ ብዙውን ጊዜ ያረጀው ባትሪው ብቻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ባትሪው እንኳ ደኅና ሆኖ ሳለ ጥፋቱ የመሙያው ገመድ ነው።

ሽማግሎቻችን በራዲዮና በእጅ መብራት ውስጥ የሚገባውን የባትሪ ድንጋይ ያውቁታል። እርሱ አንድ ጊዜ ካለቀ የሚጣል ነው። የእጅ ስልክ ባትሪ ግን ሊትየም ከሚባል ቀላል ብረት የሚሠራ ሌላ ዓይነት ነው። ለሽያጭ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓመት ሲሆን፥ ላስገኙት ለሦስቱ ሊቃውንት፥ ለጆን ጉድኢናፍ፥ ለስታንሊ ዊቲንግሃምና ለአኪራ ዮሺኖ በ2012 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። አሠራሩን ለተማሪ ለማስረዳት የከብት ምሳሌ ይበቃል። በባትሪው ውስጥ አንዱ እንደ በረት አንዱ እንደ መስክ የሆኑ ሁለት ወገኖች አሉ። ባትሪው ሲሞላ የሊትየም ቅንጣቶች ተነድተው ወደ በረቱ ይገባሉ፤ ስልኩ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ከበረቱ ወጥተው ወደ መስኩ ይሄዳሉ፤ በዚህ ጉዟቸውም ለስልኩ ኃይል ይሰጣሉ። ነገር ግን በየምልልሱ ጥቂት ጥቂት እየቀሩ መንጋው ይሳሳል። 500 ጊዜ ያህል ተሟልቶ ከተሞላና ካለቀ በኋላ ባትሪው ሲገዛ ይይዝ ከነበረው ከመቶ 80 እጅ ብቻ ቢይዝ የተለመደ ነገር ነው። በየቀኑ የሚሞላ ስልክ በሁለተኛው ዓመት የሚደክመው ስለዚህ ነው እንጂ ሻጩ ስላታለለ ላይሆን ይችላል።

ከዚህ አሠራር የተነሣ የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በብርድ ጊዜ የቅንጣቶቹ መንገድ እንደ ክረምት ጭቃ ይከብዳል። ስለዚህ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት በግድግዳ ተሰቅሎ ወይም ከመሬት ተቀምጦ ያደረ ስልክ ማታ ግማሽ የነበረው ጧት ያለቀ መስሎ ይታያል፤ እንዲያውም ራሱ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ግን መበላሸት አይደለም፤ በጋቢ ውስጥ ወይም በብብት ጥቂት ቆይቶ ሲሞቅ ኃይሉ ይመለሳል። የሚጎዳው በብርድ መጠቀሙ ሳይሆን በብርድ መሙላቱ ነው። ውርጭ ውስጥ ሲሞላ ቅንጣቶቹ ወደ በረቱ መግባት ተስኗቸው በሩ ላይ ይጋፋሉ፥ እዚያም እንደ ብረት ይረጋሉ፤ የረጋውም አይመለስም። ስለዚህ በሌሊት የቀዘቀዘውን ስልክ ሳያሞቁ ከመሙያ ጋር ማገናኘት መልካም አይደለም።

ይህን የሰማ ሰው ግን ባትሪውን ወደ ምድጃ እንዳያስጠጋው ተጠንቀቁ። ቀድሞ የራዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ፥ አንዳንዱም በጥርሱ ይነክሰው ነበር፤ ድንጋዩም ለጥቂት ሰዓት ነፍስ ይዘራ ነበር። ይህ ልማድ ወደ ስልክ ባትሪ ተላልፎ ሲሠራበት ይታያል፤ ነገር ግን እጅግ ክፉ ነው። ለሊትየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ዕድሜውን ይበላዋል፤ የተነከሰ ወይም የተቀጠቀጠ እንደ ሆነ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በውስጡ ተነካክተው እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

«አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ይሞላ» የሚለው ምክርም ከቀድሞ የኒኬል ባትሪዎች የቀረ ነው፤ ለዛሬው ባትሪ ምንም አይረባም። ባትሪው እስኪያልቅ መጠበቅም አያሻም። ከመቶ 20 እጅ ሲቀረው ጀምሮ 80 ያህል ሲደርስ መንቀል ዕድሜውን ያረዝማል፤ ይሁን እንጂ የመብራት ዕድል በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚያገኝ ሰው እስኪሞላ ይተወው ብንል ይሻላል። ባዶውን ለወራት ማስቀመጥ ግን ይገድለዋል።

ባትሪ ቶሎ የሚያልቅበት ሌላው ምክንያት ከስልኩ ውጭ ነው። የእጅ ስልክ ከማማው ጋር የሚነጋገረው በራዲዮ ሞገድ ነው፤ ማማው ቅርብ ሲሆን በለሆሳስ ይናገራል፥ ሩቅ ሲሆን ይጮኻል። በተራው ዓይነት ስልክ ይህ ጩኸት በከፍተኛው ጊዜ 2 ዋት ይደርሳል። ሸለቆ ውስጥ ወይም ከኮረብታ ጀርባ ያለ ቤት ማማውን ስለማያይ፥ ስልኩ ኔትወርክ ፍለጋ ሲጮኽ ውሎ ሲጮኽ ያድራል። በሮብ ገበያ አደባባይ ሦስት ቀን የሚቆየው ስልክ ከገደሉ ሥር በአንድ ቀን ቢያልቅ፥ ሁለቱም ባለቤቶች እውነት ተናግረዋል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው በማይፈልገው ሰዓት ስልኩን ቢያጠፋ ወይም ፍላይት ሞድ በሚሉት ላይ ቢያደርገው፥ መደወል ሲያሻውም ወደ ጉብታ ቢወጣ ባትሪው በብዙ ይተርፍለታል።

አሁን ወደ መሙያው እንመለስ። በቻርጀሩ ጀርባ በጥቃቅን ጽሕፈት የተጻፈው ሊነበብ ይገባል፤ እዚያ 5 ቮልት፥ 1 አምፔር ወይም 2 አምፔር የሚል ይገኛል። ባለ 2 አምፔሩ ትንሹን ስልክ ያቃጥላል የሚባለው ሐሰት ነው፤ ስልኩ የሚወስደው የሚበቃውን ያህል ነውና። የሚያስፈራው ሌላ ነው። በመሙላት ላይ ያለውን ስልክ ሲነኩት እጅን የሚነዝር ከሆነ፥ ቻርጀሩ የግድግዳውን ኃይል በሚገባ አልለየውምና ወዲያው ተነቅሎ ይጣል፤ በተለይ እርጥብ መሬት ላይ ባዶ እግሩን የቆመ ሰው እንዳይነካው። ባትሪውን አውጥቶ በሁለት ቀጫጭን የብረት ጣት የሚይዘው መሙያም፥ ስልኩ ራሱ የሚያደርገውን ጥበቃ ስለሚያልፍ፥ ሰው ሳያየው የሚተው አይደለም። መብራት በሄደ ጊዜ ነቅሎ፥ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ደግ ነው።

ስለ መብረቅ የሚባለውንም እዚህ ላይ እንናገር። ስልክ በኪስ መያዙ መብረቅ አይስብም፤ መብረቅ የሚፈልገው ከፍ ያለውን ነገር፥ ዛፉን ወይም በሜዳ ብቻውን የቆመውን ሰው ነው። ነገር ግን በሽቦ የተሰካ ስልክ ሌላ ነው፤ በመስመሩ ላይ የወደቀ መብረቅ በሽቦው መጥቶ ቻርጀሩንም ስልኩንም የያዘውንም ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነጎድጓድ በሚበዛበት ክረምት መንቀል እንጂ ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ፓወር ባንክ የሚባለው ተሸካሚ ባትሪ በገበያ ብዙ ክርክር ያስነሣል፤ የሒሳብ መምህርም ይህን ክርክር ለትምህርት ሊጠቀምበት ይችላል። ኤም፥ ኤ፥ ኤች ተብለው ከሚነበቡት ሦስት የላቲን ፊደሎች ጋር የተጻፈው ቍጥር ሚሊ አምፔር ሰዓት ማለት ሲሆን የመያዣው ልክ ነው። ቍልፍ ያለው ትንሽ ስልክ 1,000 ገደማ፥ ስማርት ስልክ ከ4,000 እስከ 5,000 ይይዛል። 10,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ ባለ 4,000ውን ስልክ ሁለት ጊዜ ተኩል ይሞላ ዘንድ ይጠበቃል፤ ሰውም ይህ ሲጎድል ተታለልሁ ይላል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ኃይል 3.7 ቮልት ነውና ወደ 5 ከፍ ይደረጋል፥ በስልኩ ውስጥም እንደ ገና ዝቅ ይላል፤ በዚህ መውጣትና መውረድ ሲሶው ያህል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሞልቶ ሁለተኛውን ከግማሽ ጥቂት ቢያሳልፍ ዕቃው ሐቀኛ ነው። ሐሰተኛውን ለመለየት ሚዛን ይበቃል። ውስጡ ያለችው አንዲት የባትሪ ፍሬ 45 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ደኅናዋም 3,500 ገደማ ትይዛለች። እንግዲህ 50,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ 14 ያህል ፍሬ ስለሚያሻው ከግማሽ ኪሎ በላይ መመዘን ግድ ይሆንበታል። በቅመም ሚዛን ላይ ተቀምጦ 200 ግራም ያልሞላ እንደ ሆነ ነገሩ የታወቀ ነው።

መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ የፀሐይ ኃይል መቀበያ ሰሌዳ ይረዳል። 5 ዋት የሚባለው በጠራ ሰማይ 3 ዋት ያህል ቢሰጥ ነው፤ በዚህም ትንሹ ስልክ በሁለት ሰዓት ገደማ ሲሞላ፥ ስማርት ስልክ ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል። ሰሌዳውን ጥቂት ወደ ደቡብ አዘንብሎ ማኖር ነው፤ የምሥራቅ ጎጃም ምድር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ስለሚርቅ ፀሐይ በዓመቱ በሚበዛው ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለችና። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ስልኩን ከሰሌዳው ጋር ፀሐይ ላይ በማስቀመጥ ነው፤ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፥ ስልኩ ጥላ ውስጥ ይሁን።

ያበጠ ባትሪ እጅግ ያስፈራል። በጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በጣት ሲያሽከረክሩት እንደ እንዝርት የሚዞር ከሆነ አብጧልና ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አይሞላ። ማበጡ በውስጡ አየር ስለ ተፈጠረ ነው፤ አየሩን ለማውጣት በመርፌ የሚበሳው ሰው እሳት ይጋብዛል። የታወቀ ፋብሪካ የሠራውም ቢሆን ከዚህ አደጋ ፈጽሞ የዳነ አይደለም። በነሐሴ ወር 1999 ዓ.ም. ኖኪያ ቢኤል-5ሲ ከሚባሉት ባትሪዎቹ 46 ሚሊዮን የሚሆኑት ሲሞሉ ከልክ በላይ ሊግሉ እንደሚችሉ ለዓለም አስታውቆ ለባለቤቶቹ እንለውጥላችሁ ብሎ ነበር። ያበጠውን ባትሪ ወደ ምድጃ መጣል፥ ለልጅ መጫወቻ መስጠት ወይም በእርሻ ውስጥ መቅበር አይገባም፤ በሸክላ ዕቃ አድርጎ ከሣርና ከእንጨት አርቆ አስቀምጦ፥ ወደ ከተማ ሲወጡ ለስልክ ጠጋኝ ማስረከብ ነው። እሳት ከተነሣበት መጀመሪያ መሙያውን ከግድግዳው መንቀል፥ ከዚያም ብዙ ውሃ ማፍሰስ፥ ጢሱንም አለመሳብ፥ ልጆችንም ማስወጣት ይገባል።

ስልኬ ተበላሸ ብሎ የመጣውን ሰው ሌላ ግዛ ከማለት በፊት ሦስት ነገር ፈትኑለት። በመጀመሪያ በሌላ ሰው ገመድና ቻርጀር ይሞላ፤ ከሞላ ጥፋቱ የገመዱ ነው፥ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነው። ቀጥሎም ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ቍጥሩ ተመሳሳይ የሆነ ደኅና ባትሪ ተውሳችሁ ግጠሙለት። ሦስተኛም ከፍ ወዳለ ቦታ ወስዶ አንድ ቀን ያውለው፤ እዚያ የሚቆይለት ከሆነ ስልኩም ባትሪውም ደኅና ናቸው። በሦስቱም ያልተገኘ ጥፋት የጠጋኙ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ግን አዲሱ ዕቃ ሲገባለት አብሮ ቆሞ ይይ፥ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ በእጁ ይቀበል።