አየርና ውሃ ማገዶ ሆነው ሲቆጠሩ

ዛሬ ጠዋት «አስተያየት ስጡበት» ተብሎ የአንድ ደን የማገዶ አቅም ጥናት መጣልኝ። አንብቤ መጨረስ አቃተኝ። በንዴት ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

1. ቆሞ የሚታየው ዛፍ ሁሉ አቅም አይደለም። የሚቆጠረው ደኑ በዓመት የሚጨምረው ነው፣ እሱም ለቤትና ለአጥር ከሚሄደው የተረፈው። የደን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፣ አልፈዋለሁ።

2. እርጥበት! ሰዎቹ የእንጨት ቁልል በሜትር ለክተው «ይሄን ያህል ሜትር ኩብ» አሉ። የተጣመመ ቅርንጫፍ ቁልል ውስጥ እኮ እጅ እስከ ክንድ ይገባል፤ 40 በመቶው አየር ቢሆን አይገርመኝም። ያንን በእርጥብ እንጨት ክብደት አባዙት። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። የሙቀቱን ሒሳብ ሲሠሩ ግን ኦቨን ገብቶ የደረቀውን ወሰዱ፦ በኪሎ 18 ሜጋ ጁል። እርጥቡ 8 ቢሰጥ ነው፤ የሚነደውም ክፍል ውሃውን ሲያተን ይደክማል። ደምሩትማ፦ እውነተኛው ኃይል ጥናቱ ካለው ሩብ ቢሆን ነው። እናቴ ይሄን ያለ ካልኩሌተር ታውቀው ነበር፤ በክረምት እርጥብ ሸክም ላመጣ ሰው ቆርጣ ነበር የምትከፍለው።

3. ቅጠልና ጭራሮው «ትርፍ» ተብሎ ተደምሯል። አፈሩን ማን ሊመግበው? እንጦጦ ላይ ቅጠሉ ተጠርጎ የተራቆተውን የባሕር ዛፍ ሥር ዝናብ ሲያጥበው አላዩም?

ከሰሉስ (4 ይሁን የ2 ተከታይ፣ እንጃ)። አፈር ለብሶ ከሚከስል 100 ኪሎ ደረቅ እንጨት 15 ኪሎ ገደማ ነው የሚወጣው። ከኃይሉ ሦስት አራተኛ ያህሉ እዚያው በጭስ ይሄዳል። ቢሆንም «ከሰል ሁሉ የደን ጭፍጨፋ ነው» የምትሉ አዊ ሂዱ። እዚያ ፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ከጤፍ ጋር ይተክላል፣ በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ቆርጦ ያከስላል፣ ማሳውን መልሶ ያርሳል። ሰብል ነው! በኋላ ዛፉን በሽታ መታው እንጂ። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ሲተከል ያለው ጣጣ ይሄ ነው፤ ጥናቱ ውስጥ «በሽታ» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ይሄን ሁሉ ማን ይቆጣጠር? አንዱ መሥሪያ ቤት ችግኝ ይቆጥራል፣ ሌላው ሜጋ ዋት። አብዛኛው የአገሩ ወጥ የሚበስልበት እንጨት የማንም ጠረጴዛ ላይ የለም።

የአስተያየት ቅጹ የሰጠኝ ቦታ ሦስት መስመር ነው። «እንጨቱን አድርቃችሁ እንደገና መዝኑ» ብዬ ልኬዋለሁ።