ስለ አይሮፕላን የሬዲዮ ንግግርና ስለ «እሺ»



ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን አይሮፕላን በቢላ ላይ ከፍ ብሎ ሲያልፍ ትንንሽ ልጆች ጣታቸውን ቀስረው እየጮኹ ይሮጣሉ። እኔም እንደዚሁ ስጮኽ አድጌአለሁ። ከፍ ካልሁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ በልቤ ያድር ጀመር። በመንገድ ላይ ያሉ ሾፌሮች በመብራት፣ በጡሩምባና በእጅ ምልክት ይግባባሉ፤ በሰማይ ያሉት አብራሪዎችስ በምን ይግባባሉ? ባለፈው ክረምት በአዲስ አበባ በአጎቴ ቤት በሰነበትሁ ጊዜ ለዚህ ጥያቄ ጥቂት መልስ ስላገኘሁ፣ ያገኘሁትን ለእናንተ ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ነገሩ በቀላሉ እንዲገባ ከሰማይ በፊት ከምድር ልጀምር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ለእናቴ ስልክ ደውሎ ማር እንድትልክለት አዘዛት። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። እናቴ የሰማችው «ሰባ ኪሎ» የሚል ነው። እሷም «እሺ» አለች፤ እሱም «እሺ» አለ፤ ስልኩም ተዘጋ። የራሷ ማር ስላልበቃ ከጎረቤት በዱቤ ሰብስባ ሰባውን ኪሎ በአውቶቡስ ጭና ላከች። ሰውየው ያዘዘው ግን ሰባት ኪሎ ኖሯል! የተረፈው ማር ተመልሶ በጥቂት በጥቂቱ እስኪሸጥ ድረስ የጎረቤት ዕዳ ወራት አስቈጠረን፤ የእኔ የደብተርና የጫማ ገንዘብም ለዚያው ዕዳ ሄደ። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አላታለለም። የጠፋችው አንዲት «ት» ብቻ ናት።

በአማርኛ የቃሉ ጫፍ ሲቈረጥ ሰባት ሰባ ይሆናል። በቤታችን በምንነጋገርበት በኦሮምኛ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሰባት «ቶርባ»፣ ሰባ «ቶርባታማ» ስለሚባል፣ ጫፉ ሲቈረጥ ሰባው ወደ ሰባት ይወርዳል። እንግሊዝኛም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም፤ «ሰርቲን» ዐሥራ ሦስት ሲሆን «ሰርቲ» ሠላሳ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የአንድ ቋንቋ ጥፋት አይደለም። የሰው ድምፅ በሽቦም ሆነ በአየር ሲተላለፍ ጫፉ ይቈረጣል። በማር ላይ ሲደርስ ዕዳ ያመጣል፤ በአይሮፕላን ላይ ሲደርስ ግን ሕይወት ያጠፋል።

የአጎቴ ልጅ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የበረራ ማስመሰያ አለው። መጀመሪያ ስመለከተው የልጆች ጨዋታ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን በዓለም ላይ ብዙ ሺህ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ አንዱ በቤቱ ሆኖ አብራሪ፣ ሌላው በቤቱ ሆኖ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ እየሆኑ፣ እንደ እውነተኞቹ በድምፅ እንደሚነጋገሩ ተረዳሁ። ከነዚህ ማኅበሮች አንዱ በ1993 ዓ.ም. የተመሠረተው ቫትሲም ነው። ሥራው ሁሉ በፈቃደኞች የሚከናወን ሲሆን ከእውነተኛ አይሮፕላን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የንግግሩ ሥርዓት ግን ከእውነተኛው የተቀዳ ነው።

አንድ ቀን የአጎቴ ልጅ ማዳመጫውን በራሴ ላይ አድርጎልኝ መነጋገሪያውን ለእኔ ተወልኝ። ተቆጣጣሪው ወደ 13,000 ጫማ ከፍታ እንድወጣ አዘዘኝ። እኔም በትሕትና «ኦኬይ» አልሁ። ተቆጣጣሪው የሰማሁትን እንድደግምለት ጠየቀኝ። «ሰርቲን ታውዘንድ» ብዬ መለስሁ። አሁንም አልረካም፤ ቃል በቃል እየለየ «ዋን ትሪ ታውዘንድ» ብሎ አረመኝ። በእንግሊዝኛ ትምህርት መልካም ማርክ ስለማገኝ እጅግ አፈርሁ። ወዲያው ግን የእናቴ ማር ትዝ አለኝና ኀፍረቴ ወደ መደነቅ ተለወጠ። ሰውየው የጠበቀኝ በሰባትና በሰባ መካከል ካለችው ከዚያች ጕድጓድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን በሚገባ ለማወቅ ጠየቅሁ፤ አነበብሁም። ዋና ዋናዎቹን ደንቦች እንደሚከተለው በአጭሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በአንድ አካባቢ ያሉ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪው ሁሉ የሚነጋገሩት በአንድ የሬዲዮ መስመር ነው። አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተናገሩ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ስለዚህ ንግግሩ አጭር ሊሆን ይገባል። መጀመሪያ የሚጠራው፣ ቀጥሎ የሚናገረው፣ ከዚያ የቆመበት ቦታና የሚፈልገው ነገር ይነገራል። ሰላምታና ሐተታ የለም።

ሁለተኛ፣ ቍጥር በየአኃዙ ይነገራል። ለምሳሌ በቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ያሉት ሁለት ማኮብኮቢያዎች ከአንድ ወገን 07፣ ከሌላው ወገን 25 ይባላሉ። ቍጥሩ የኮምፓስን አቅጣጫ ያመለክታል፤ 25 ማለት አይሮፕላኑ ወደ 250 ዲግሪ ገደማ፣ ማለት ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ፣ ፊቱን አዙሮ ይነሣል ማለት ነው። አብራሪው ግን «ቱ ፋይፍ» ይላል እንጂ «ትወንቲ ፋይቭ» አይልም። «ፋይቭ» ወደ «ፋይፍ»፣ «ናይን» ወደ «ናይነር» የተለወጡትም በጩኸት መካከል አምስትና ዘጠኝ እንዳይመሳሰሉ ነው።

ሦስተኛ፣ ለፊደሎች የተወሰኑ ስሞች አሉ። ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባጸደቀው መሠረት «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» እየተባለ ይጠራል። የኢትዮጵያ አይሮፕላኖች መለያ በ«ኢ» እና በ«ቲ» ስለሚጀምር በሬዲዮ «ኤኮ ታንጎ» ይባላል።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ ቃል አንድ ትርጕም ብቻ አለው። «ሮጀር» ማለት «የተናገርኸውን ሁሉ ሰምቻለሁ» ማለት ነው፤ እስማማለሁ ወይም እፈጽማለሁ ማለት አይደለም። «ዊልኮ» ማለት «ሰምቻለሁ፣ እፈጽማለሁም» ማለት ነው። «ስታንድ ባይ» ማለት «ቈይ፣ እጠራሃለሁ» ማለት እንጂ ፈቃድ አይደለም። «አኔብል» ማለት ደግሞ «አልችልም» ማለት ሲሆን፣ ይህን የሚል አብራሪ እንደ ባለጌ አይቈጠርም። ለ«አዎን» የሚነገረውም «አፈርም» የሚለው አጭር ቃል ነው። ረጅሙ «አፈርማቲቭ» ግን መጀመሪያው ከተቈረጠ በጫፉ «ኔጋቲቭ» ከሚለው፣ ማለት ከ«አይደለም»፣ ጋር ሊምታታ ይችላል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ የተሰጠውን ትእዛዝ መልሶ መድገም ነው። ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ የማኮብኮቢያ ቍጥር፣ የመነሻና የማረፊያ ፈቃድ የተነገረው አብራሪ ቍጥሩን ከነስሙ ይደግማል፤ ተቆጣጣሪውም ድጋሚውን አዳምጦ ስሕተት ካለበት ያርማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ ሁለት ጊዜም ይሰማል። በዚህ ቦታ «እሺ» ብቻውን ምንም ዋጋ የለውም።

ይህ ሥርዓት ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴነሪፍ ደሴት ሁለት ታላላቅ ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች በአንድ ማኮብኮቢያ ላይ ነበሩ። ጭጋግ ስለ ነበረ እርስ በርሳቸው አይተያዩም፤ ተቆጣጣሪውም አያያቸውም። የሆላንዱ አይሮፕላን የሚሄድበት መንገድ ተነገረው እንጂ እንዲነሣ ገና አልተፈቀደለትም ነበር። ይሁን እንጂ በተነገረው ቃል ውስጥ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል ነበረበት። ረዳት አብራሪው ትእዛዙን ደግሞ በመጨረሻው ላይ «አሁን በመነሣት ላይ ነን» የሚመስል ያልተለመደ አነጋገር ጨመረበት። ተቆጣጣሪው ግን በመነሻው ቦታ ቆመው የሚጠብቁ መስሎት «ኦኬይ» አለ። ቀጥሎ እንዲጠብቁ ሲነግራቸው፣ የአሜሪካው አይሮፕላን ደግሞ በዚያው ቅጽበት ገና በማኮብኮቢያው ላይ መሆኑን ተናገረ። ሁለቱ ድምፆች ተጋጩና በሆላንዱ አይሮፕላን ውስጥ ጩኸት ሆነው ተሰሙ። 583 ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር እንዳይነገር ተደነገገ፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» ይባላል።

ሁለተኛውን አደጋ ደግሞ እንመልከት። ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. የኮሎምቢያ አይሮፕላን ወደ ኒው ዮርክ ሲቃረብ ብዙ ጊዜ በአየር ላይ እንዲዞር ስለ ተደረገ ነዳጁ አለቀ። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያነሳቸው መሆኑን ተናግረዋል፤ ነገር ግን «ሜይዴይ» የሚለውን ቃል አላወጡም። ሜይዴይ «እርዱኝ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አነጋገር የተወሰደ ሲሆን ሦስት ጊዜ ሲነገር ሌላው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ መንገድ ይለቃል። ቃሉ ስላልተነገረ ተቆጣጣሪዎቹ የጭንቀቱን ልክ አልተረዱም። ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። ችግርን በለዘበ ቃል መናገር ጨዋነት ቢመስልም አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መዘዝ አለው።

ከነዚህና ከሌሎች አደጋዎች የተነሣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች በእንግሊዝኛ የመነጋገር ችሎታቸው ተመዝኖ ከስድስቱ ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን እንዲያገኙ የሚያዝዘው ደንብ በሥራ ላይ መዋል ጀመረ። ይህም ለእኛ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው። ምክንያቱም እንግሊዝ አገር የተወለደው አብራሪም ቢሆን የሰፈሩን አነጋገር ትቶ ይህንኑ ሥርዓት መማር አለበት። የቢላ ልጅም፣ የለንደን ልጅም የሚማሩት ቃል አንድ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ካደረገበት ከመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችን ሰዎች በዚህ ሙያ ስማቸውን አስጠርተዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የደረሰውን ኀዘን ግን ማንም አይረሳውም። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። የምርመራው የመጀመሪያ ሪፖርት እንደሚያስረዳው፣ አይሮፕላኑ ከአንድ የተሳሳተ መለኪያ የተነሣ አፍንጫውን ወደ ታች እየደፋ ሲታገላቸው፣ ካፕቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አይሮፕላኑን የመቆጣጠር ችግር እንዳጋጠማቸው ለራዳር ተናግረዋል፤ ለመመለስም ጠይቀዋል። ወደ ቀኝ ዞረው 260 ዲግሪ እንዲይዙ ሲነገራቸውም ካፕቴኑ መልስ ሰጥቷል። ትክክለኛ ንግግር ብቻውን አይሮፕላንን ከመውደቅ አያድንም። ቢሆንም በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆነው ችግራቸውንና የሚፈልጉትን ለይተው መናገራቸው የሥልጠናቸውን ጥልቀት ያሳያል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ማስመሰያው ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ ቃሉ በጭንቀት ቀን የሚወጣው በሰላም ቀን ከተደጋገመ ነው።

ውድ ጓደኞቼ! በእኛ አገር ታላቅ ሰው ሲናገር «እሺ» ማለት፣ በኦሮምኛም «ኤዬ» ማለት የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው። የተናገረውን መልሶ መጠየቅ ግን እንደ ጥርጥር ወይም እንደ ድፍረት ይታያል። ከዚህ የተነሣ መምህራችን «ገባችሁ?» ሲሉን ያልገባን ሁሉ በአንድ ድምፅ «አዎን» እንላለን። መምህሩ ደስ ብሏቸው ይወጣሉ፤ እኛም በፈተና ቀን እንወድቃለን። እኔ ራሴ ከነዚህ አንዱ ነበርሁ። አሁን ግን የሰማሁትን በራሴ ቃል ደግሜ «እንዲህ ነው ያሉን?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬአለሁ። መጀመሪያ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አንዳንድ ጊዜ ስደግም ስሕተቴ ይገለጥና ይታረማል፤ የሳቁትም ስሕተቱ የእነርሱም እንደ ነበረ ሲያዩ ዝም ይላሉ። ስለዚህ የሰሙትን መድገም ታላቁን መጠራጠር አይደለም፤ ቃሉ በመንገድ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው፤ ይህም ራሱ አክብሮት ነው።

ከአዲስ አበባ እንደ ተመለስሁ ይህን ሁሉ ለእናቴ ባጫወትኋት ጊዜ ብዙ ሳቀች። በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ ተደወለ፤ ማር ፈላጊ ነበር። እናቴ ጣቷን በሌላው ጆሮዋ ውስጥ አድርጋ አዳመጠችና ጮክ ብላ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ጌታው፣ ሰባት ነው ያሉኝ? ከስድስት ቀጥሎ ያለው?»